ጥንቸልና ዛፍ በአንድ ሚዛን፦ "ሊጠፋ ነው" የሚባለው በምን ተለክቶ ነው?

የትኛው ነው ይበልጥ የሚያሰጋው? በሂማላያ ተራሮች ግርጌ ረጅም ሳር ውስጥ ተሸሽጋ የምትኖር አንዲት ጥንቸል ወይስ በምዕራብ አውስትራሊያ ደቡባዊ ዳርቻ የሚበቅል ባለ ቀይ አበባ የባህር ዛፍ ዘመድ?

ጥያቄው ግራ እንደሚያጋባ አውቃለሁ። ጥንቸል ትሮጣለች፣ ትወልዳለች፣ በሁለት በሦስት ዓመት ታሪኳ ያልቃል። ዛፍ እዚያው በበቀለበት ቆሞ ትውልድ ያሳልፋል። ታዲያ ምን ያገናኛቸዋል? የሚያገናኛቸው መዝገብ ነው። አንበሳንና እንጉዳይን፣ ዓሣንና ቁልቋልን በአንድ መመዘኛ የሚለኩ ባለሙያዎች አሉ፤ ሥራቸውም ከ1964 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። እኔ ይህን ሚዛን ማብራራት የፈለግኩት እዚህ ጅማ ውስጥ ሰው "ይሄ ነገር ሊጠፋ ነው" ሲባል ዞር ብሎ ዙሪያውን ያይና "በየት በኩል?" ብሎ ስለሚያልፈው ነው። ዙሪያን አይቶ መፍረድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያሳስታል። (ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

በጥንቸሏ ልጀምር። የሳይንስ ስሟ ካፕሮላገስ ሂስፒደስ ነው። እኔ ሻካራ ጥንቸል እላታለሁ፤ ጸጉሯ ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ደረቅና የሚሻክር ነውና። ጆሮዋ አጭር ነው። የኋላ እግሮቿም ከፊተኞቹ ብዙ አይረዝሙም። ይህን የምነግራችሁ መልኳን ለማስዋብ አይደለም። እኛ የምናውቃት የሜዳ ጥንቸል ረጅም ጆሮና ረጅም የኋላ እግር ያላት ጠላቷን ከሩቅ ሰምታ ሜዳውን ሰንጥቃ ስለምታመልጥ ነው። ሻካራዋ ግን ለሩጫ አልተሠራችም። መዳኛዋ ከሰው ቁመት በላይ የሚያድግ ጥቅጥቅ ያለ ሳር ነው። ሳሩ ካለ አለች። ሳሩ ከተነሳ ወዴትም መድረስ አትችልም። በዚያ ላይ በወገኗ ውስጥ ብቸኛዋ ናት፤ እሷ ብትጠፋ የቅርብ ዘመድ ተተኪ የላትም።

ድሮ ከሰሜን ሕንድ ኡታር ፕራዴሽ ተነስታ በኔፓል ቆላ አድርጋ እስከ አሳም ድረስ በረጅሙ የሳር መስመር ትገኝ ነበር። ያ መስመር ተበጣጥሷል። ለመበጣጠሱ አንዱ ምክንያት የሚገርም ነው፤ በኔፓል ቆላው ምድር በወባ ምክንያት ሰው ብዙም አይሰፍርበትም ነበር፣ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ወባን የማጥፋት ዘመቻ ሲካሄድ ግን ቦታው ለሰፈራና ለእርሻ ተከፈተ፣ ሳሩም ማሳ ሆነ። ለሰው ትልቅ እፎይታ ነበር፣ ማንም ሊቃወመው አይገባም። ለጥንቸሏ ግን ቤቷ ታረሰ። የቀረው ሳር ደግሞ ለቤት ክዳን ይታጨዳል፣ ከብት ይሰማራበታል፣ በየዓመቱ በበጋ ይቃጠላል።

በ1960ዎቹ አጋማሽ ጠፍታ ይሆናል እስከመባል ደርሳ ነበር። በ1971 አሳም ውስጥ በሕይወት ተገኘች። ኔፓል ውስጥ ባለው የቺትዋን ብሔራዊ ፓርክም ከ1984 በኋላ ሳትታይ ቆይታ በ2016 እንደገና ተገኝታለች። ዛሬ ኔፓል ውስጥ በሹክላፋንታ፣ በባርዲያና በቺትዋን፣ ሕንድ ውስጥ በዱድዋና በማናስ፣ ቡታን ውስጥ ደግሞ በሮያል ማናስ ትገኛለች። አብዛኞቹ የተከለሉ ፓርኮች ናቸው። በመካከላቸው ያለውን የእርሻ፣ የመንገድና የከተማ ርቀት አጭር እግር ያላት፣ ከሳር መውጣት የማትደፍር እንስሳ አታቋርጠውም። ስለዚህ የአንዱ ፓርክ ጥንቸሎች አንድ ቀን ቢያልቁ ከሌላው መጥቶ የሚተካቸው የለም። በቀይ መዝገቡ ላይ የተቀመጠችውም "ለመጥፋት የተቃረበ" በሚለው ደረጃ ነው።

ቆጠራዋም ቀላል አይደለም። ማታና ጎህ ሲቀድ የምትንቀሳቀስ፣ ሳር ውስጥ የምትሸሸግ እንስሳ በዓይን ታይታ አትቆጠርም። ተመራማሪዎች ሳሩ ውስጥ ቦታ ከፍለው በጠጥዋን ይፈልጋሉ። ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ ከፍየል በጠጥ የሚለይ ነው። በጠጥ ካለ ጥንቸል አለች። ስንት ናት የሚለው ግን ከዚያ በኋላ በስሌት የሚመጣ ግምት ነው።

አሁን ወደ ዛፉ እንሂድ። ስሙ ኮሪምቢያ ፊሲፎሊያ ነው። ስም ያወጣለት ፈርዲናንድ ፎን ሙለር ሲሆን በ1860 ከባህር ዛፎች ጋር መድቦት ነበር፤ በ1995 ደግሞ ኮሪምቢያ ወደሚባለው ወገን ተዛወረ። ባህር ዛፍ ስንል እኛ ቀጥ ብሎ የሚወጣውን፣ አጣና የሚሆነውን ነው የምናስበው። ይሄኛው እንደዚያ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ከ10 ሜትር የማይበልጥ፣ ሰፋ ያለ ቅርንጫፍ ያለው ዛፍ ነው። ሲያብብ ዘውዱ በሙሉ ቀይ ይለብሳል። ቀለሙ የሚመጣው ከአበባ ቅጠል አይደለም። እምቡጡ እንደ ክዳን ያለ ነገር አለው፤ ክዳኑ ሲወድቅ ውስጡ ያለው ብዙ ቀጭን ክር ይዘረጋል፣ ቀዩ እሱ ነው። ቤተሰቡ ደግሞ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ዶቅማም፣ ዘይቱንም፣ ምኒልክ በ1890ዎቹ ወደ አዲስ አበባ ያስመጡት ባህር ዛፍም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። የዶቅማ አበባን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ያን ክር ያውቀዋል።

ይህ ዛፍ በተፈጥሮ የሚበቅልበት ቦታ በጣም ጠባብ ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ ደቡብ ዳርቻ፣ ዋልፖል በምትባል ትንሽ ከተማ ዙሪያና ከዚያ ወጣ ባሉ ጥቂት ቦታዎች ነው። ከዚያ ውጪ ግን የትም አለ። በሌሎቹ የአውስትራሊያ ከተሞች፣ በኒውዚላንድ፣ በካሊፎርኒያ፣ በደቡብ አፍሪካ መንገድ ዳርና ግቢ ውስጥ ተተክሏል። ውበቱ ዓለምን አዙሮታል።

አሁን ጥያቄው መልክ ያዘ። አንዷ በየፓርኩ ተበጣጥሳ የቀረች፣ ሌላው በተፈጥሮ ቦታው ጠባብ ሆኖ በየአህጉሩ የተተከለ። "ዛፉማ ሞልቷል፣ ምን ያሰጋዋል?" ብንል ትክክል እንሆናለን?

አንሆንም፤ ምክንያቱም ሚዛኑ የሚቆጥረው በተፈጥሮ ቦታው በራሱ የሚኖረውን ብቻ ነው። በካሊፎርኒያ መንገድ ዳር የቆመው ዛፍ አይቆጠርም። በችግኝ ጣቢያ ያለው አይቆጠርም። ይህ ለብዙ ሰው ግትርነት ይመስለዋል። ለእኔ ግን የሚዛኑ ትልቁ ጥበብ እዚህ ጋ ነው ያለው። የተተከለ ዛፍ የሚኖረው ሰው ስለፈለገው ነው። ሰው ውኃ ስላጠጣው፣ ስላልቆረጠው፣ ነገም ስለሚተካው። ከጫካው ያለው ግን ከድርቁ፣ ከበሽታው፣ ከነፍሳቱ፣ ከአፈሩ ጋር ራሱ እየተደራደረ ነው የሚኖረው። ዘሩን ሲጥል የሚበቅለውንና የማይበቅለውን የሚመርጠው ያ ሁሉ ነገር ነው። መንገድ ዳር ያለውን የመረጠው ደግሞ አትክልተኛ ነው። የዚህ ዛፍ ነገር በተለይ ይህን ያሳያል፤ አትክልተኞች ደማቅ ቀይ ይፈልጋሉ፣ ከዘር ሲበቅል ግን ቀለሙ አይታመንም፣ ሮዝም ብርቱካናማም ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ቅርንጫፉን ቆርጠው በሌላ ግንድ ላይ ያጣብቃሉ። በችግኝ ሱቅ በብዛት የሚሸጡት አንዳንዶቹ ጭራሽ ከሌላ የኮሪምቢያ ዓይነት ጋር የተዳቀሉ ዲቃሎች ናቸው። ሺህ ዛፍ ብትቆጥሩ ሺህ የተለያየ ዘር ቆጠራችሁ ማለት አይደለም። የጥቂት ዛፎች ቅጂ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ነገር ጊዜ ነው። ይሄ ክፍል ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ግን ጥንቸልና ዛፍ በአንድ ሚዛን እንዴት ይቀመጣሉ የሚለው ጥያቄ የሚፈታው እዚህ ነው። ሚዛኑ "ቁጥሩ ምን ያህል ቀነሰ?" ይላል። ቁጥሩ በግማሽ ከቀነሰና የመቀነሱ ምክንያት ካልቆመ "ለመጥፋት የተቃረበ" ነው፤ በ80 በመቶ ከቀነሰ ከዚያ የከፋው ደረጃ ላይ ይወጣል፤ በ30 በመቶ ከሆነ "ለአደጋ የተጋለጠ" ይባላል። ግን በስንት ዓመት ውስጥ? መልሱ፦ በ10 ዓመት ወይም በሦስት ትውልድ፣ ከሁለቱ በሚረዝመው። የጥንቸል ሦስት ትውልድ 10 ዓመት ስለማይሞላ ለእሷ 10 ዓመቱ ይያዛል። የዛፍ አንድ ትውልድ ብቻውን ብዙ አስርት ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ለዛፍ ሲለካ ወደ ኋላ አያት ቅድመ አያቶቻችን ዘመን ድረስ ይኬዳል። ወደ ፊትም ይኬዳል፣ ወደ ፊት ሲሆን ግን ከ100 ዓመት አይታለፍም።

ይህ ለምን አስፈለገ? ዛፍ ቀስ ብሎ ነው የሚጠፋው። አንድ ደን ውስጥ ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው፣ በሥራቸው ግን አንድም ቡቃያ ካላደገ፣ ዛሬ የሚያየው ሰው "ደኑ አለ" ይላል። በሕይወት ያሉት ዛፎች እስኪያረጁ ድረስ ቁጥሩ አይቀንስም። ሲቀንስ ግን ባንድ ላይ ነው። ጥንቸል ከዚህ ተቃራኒ ናት። ሦስት መጥፎ ዓመታት ሊጨርሷት ይችላሉ፣ ሦስት ጥሩ ዓመታት ደግሞ ሊመልሷት ይችላሉ፣ ሳሩ እስካለ ድረስ። ሁለቱን በተመሳሳይ የዓመታት ብዛት ብናወዳድር ዛፉን ሁልጊዜ ደኅና፣ ጥንቸሏን ሁልጊዜ የባሰባት አድርገን ነበር የምናየው። ሦስት ትውልድ የሚለው ደንብ ለእያንዳንዱ ፍጥረት በራሱ ዕድሜ ልክ ሰዓት ይሰጠዋል።

ስፋትም ይለካል። ፍጥረቱ የተሠራጨበት አጠቃላይ ክልል ከ5,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች ከሆነ ወይም በትክክል የሚኖርበት ቦታ ተደምሮ ከ500 ካሬ ኪሎ ሜትር በታች ከሆነ "ለመጥፋት የተቃረበ" ወደሚለው ይጠጋል። ይጠጋል ነው ያልኩት። ቦታ መጥበቡ ብቻውን አይበቃም። ከመጥበቡ በተጨማሪ የተበጣጠሰ ወይም ጥቂት ቦታ ላይ የቀረ መሆን፣ እየቀነሰ መሄድ፣ ወይም ቁጥሩ ከዓመት ዓመት እጅግ መዋዠቅ፤ ከእነዚህ ከሦስቱ ሁለቱ መሟላት አለባቸው። የቦታ ጥበት ሁሉ የአደጋ ምልክት አይደለም። ከጥንትም ጠባብ ቦታ ላይ የሚኖር፣ እዚያው ተረጋግቶ ያለ ፍጥረት አለ። የእኛዋ የኢትዮጵያ ደጋ ጥንቸል ከሀገራችን ውጪ የትም የለችም፣ ባሌ ውስጥ ቀይ ቀበሮም አድኖ ይበላታል፣ ሆኖም በዚያው መዝገብ ብዙም ከማያሰጉት ጋር ናት። ብርቅ መሆንና ለመጥፋት መቃረብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የቀሩት መመዘኛዎች በአጭሩ የሚያልፉ ናቸው። ቁጥር ይታያል፣ የሚቆጠረው ግን ለመራባት የደረሰው ብቻ ነው። ግልገልና ቡቃያ አይቆጠርም። ለመራባት የደረሱት ከ250 በታች ከሆኑ ሌላ ምክንያት ሳያስፈልግ "ለመጥፋት የተቃረበ" ይሆናል። በሒሳብ ሞዴል የመጥፋት ዕድልን ማስላትም አለ፣ መረጃው ሲገኝ። ከእነዚህ ሁሉ በአንዱ ብቻ መውደቅ በቂ ነው።

ሚዛኑን ትተን ወደ ምድሩ ስንወርድ ሁለቱን ፍጥረቶች በደንብ የሚለያቸው እሳት ነው። ያ ቀይ አበባ ያለው ዛፍ ከሥሩ አጠገብ፣ መሬት ውስጥ፣ እንቡጥና ምግብ ያከማቸ ወፍራም ጉቶ አለው። ላዩ ቢቃጠል ከታች ያቆጠቁጣል። ባህር ዛፍ የቆረጠ ገበሬ ሁሉ ይህን ጉልበት ያውቀዋል፤ አጣናውን ወስዶ በሚቀጥለው ክረምት ከጉቶው አምስት ስድስት አዲስ ቅርንጫፍ ያገኛል። ለሻካራዋ ጥንቸል ግን በበጋ የሚለኮስ እሳት ማለት በአንድ ከሰዓት ውስጥ ቤትም፣ ምግብም፣ መሸሸጊያም ማጣት ነው። ሮጣ የማታመልጥ፣ ግልገሎቿ ደግሞ ጭራሽ የማይንቀሳቀሱ።

"እንግዲያው እሳቱን እንከልክል" ማለት ይቀላል። አይሠራም። የሂማላያ ግርጌ ሳር ጎርፍና እሳት ካልነካው ቀስ በቀስ ቁጥቋጦ፣ ከዚያም ደን ይሆናል። ያኔም ጥንቸሏ ቤት የላትም። ሳር የሚያጭደውም የመንደሩ ሰው ነው፣ ለቤቱ ክዳን። እኛም ሀገር ሰንበሌጥ ለክዳን የሚያጭድ ሰው ሲከለከል ምን እንደሚሰማው ማሰብ አያቅትም። ስለዚህ ባለሙያዎቹ የሚመክሩት ሁሉንም በአንድ ጊዜ አለማቃጠል ነው። ከፋፍሎ፣ አንዱን ዘንድሮ፣ ሌላውን ለከርሞ፣ ጥንቸሏ ከተቃጠለው ወደ ቆመው ሳር በእግሯ መድረስ የምትችልበት ርቀት ላይ። ወቅቱንም ግልገል ከሌለበት ጊዜ ጋር ማስማማት። ማንንም አይከለክልም፣ ግን ዕቅድና ክትትል ይጠይቃል፤ ገንዘብ የሚጠፋውም፣ ሥራው የሚቋረጠውም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ዛፉም አደጋ የለበትም ማለት አይደለም። ኳምባላሪያ ኮይሬኩፕ የሚባል ፈንገስ ግንዱን እያቆሰለ ያደርቀዋል። በሽታው ይህን ዛፍና ማሪ የሚባለውን የቅርብ ዘመዱን ዛፍ ሁለቱንም ይይዛል። በጠባብ ቦታ የሚኖር ፍጥረት እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣበት ማፈግፈጊያ የለውም። በዋልፖል አካባቢ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ መኖሩ ከመጥረቢያ ያድነዋል፣ ከፈንገስ ግን አጥር አያድንም።

አሁን አንድ እውነተኛ ታሪክ ልጨምር፣ ምክንያቱም "ሞልቷል" የሚለውን ቃል ከዚህ የበለጠ የሚያፈርሰው አላውቅም። በ1859 ቶማስ ኦስቲን የሚባል ሰው ሁለት ደርዘን ያህል የአውሮፓ ጥንቸል ወደ አውስትራሊያ አስመጥቶ ለአደን ብሎ ለቀቀ። ተዋልደው በዙ። ጥቂት አስርት ዓመታት ሳይሞላ አህጉሩን ወረሩት፣ ሣሩንና የሀገሬውን ዛፎች ቡቃያ ጨረሱት። ያ ባለ ቀይ አበባ ዛፍ ያለበት የምዕራብ አውስትራሊያ ግዛት ከ1901 እስከ 1907 ድረስ ጥንቸል ለመከልከል ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ አጥር ሠራ። አላቆማቸውም። በ1950 የጥንቸል በሽታ የሚያመጣ ቫይረስ ሆን ተብሎ ተለቀቀባቸው። በ1952 ፈረንሳይ ውስጥ አንድ ሐኪም በግቢው ያሉትን ጥንቸሎች ለማጥፋት ያንኑ ቫይረስ ለቀቀ፣ በሽታውም አውሮፓን አዳረሰ። ከዚያ ሌላ ደም የሚያፈስስ የጥንቸል በሽታ ተከተለ። ውጤቱ፦ ያቺው ጥንቸል በትውልድ ሀገሯ፣ በስፔንና በፖርቱጋል፣ ዛሬ በቀይ መዝገቡ ላይ "ለመጥፋት የተቃረበ" ናት። በአውስትራሊያ ተባይ፣ በቤቷ ብርቅ። እሷን በልቶ የሚኖረው የአይቤሪያ ሊንክስ የሚባለው የዱር ድመትም አብሯት ሊያልቅ ደርሶ ነበር፤ ብዙ ተለፍቶ ነው በ2024 ደረጃው አንድ እርከን የተሻሻለለት። የአውስትራሊያው ሚሊዮን ጥንቸል ለስፔኑ ሊንክስ አንዲት ቁርስ አልሆነውም።

እዚህ ላይ ነው ወደ ቡናችን የምመጣው። የዱር አረቢካ ቡና በቀይ መዝገቡ ላይ ከሻካራዋ ጥንቸል ጋር በአንድ ደረጃ ተቀምጧል። "ለመጥፋት የተቃረበ" ተብሎ። ከ2018 ግምገማ ጀምሮ።

ጅማ ላይ ይህን ብትናገሩ ሰው ማና ድረስ፣ ጎማ ድረስ፣ ጌራ ድረስ ያለውን ቡና እያሳየ ይከራከራችኋል። ትክክል ነው፣ ቡና አለ። ግን ሚዛኑ የጓሮ ቡናንና የተተከለ ማሳን አይቆጥርም። ብራዚል ያለውን አይቆጥርም። የሚቆጥረው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ውስጥ፣ በደቡብ ሱዳን ቦማ አምባና በኬንያ ማርሳቢት ተራራ ማንም ሳይተክለው በጥላ ዛፍ ሥር በራሱ የሚበቅለውን ነው። ከላይ ስለ ዛፉ ያልኩት ሁሉ እዚህም ይሠራል። ዓለምን የሞላው ቡና የመጣው ከጥቂት ተክል ነው፤ ከእኛ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ጃቫ፣ ከጃቫ በ1706 ወደ አምስተርዳም፣ ከዚያ በ1714 ወደ ፓሪስ፣ ከዚያ ወደ አሜሪካ አህጉር። በእያንዳንዱ ጉዞ የዘሩ ስብጥር እየቀጠነ ሄደ። ስብጥሩ የቀረው እዚህ፣ በለጠ ጌራ በሚባለው ደንና በመሰሎቹ ውስጥ ነው።

ደረጃው የወጣውም ወደ ፊት በማየት ነው። የለንደኑ የኪው ዕፅዋት ማዕከል ተመራማሪዎችና የሀገራችን ሰው ታደሰ ወልደማርያም ጎሌ የተሳተፉበት በ2019 የወጣ ጥናት አንድ ግልጽ ነገር አሳየ። የአየር ንብረት ለውጥን ከስሌቱ ካወጣነው የዱር ቡናው ብዙም አያሰጋም። ካስገባነው ግን እስከ 2088 ድረስ በሙቀቱና በዝናቡ ለውጥ ብቻ ቁጥሩ በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ሊቀንስ ይችላል። በግማሽ፣ ያ ቅድም ያልኩት መስመር ነው። ለዓመታት የሚቆይ ተክልን በዛሬ ብዛቱ ብቻ ብንለካ ምን ያመልጠን እንደነበር ይህ ይነግራችኋል።

ይህ ለገበሬው ምን ያደርግለታል የሚል ካለ፣ መልሱ እዚሁ ጅማ ነው ያለው። በ1971 ገበሬው ሲቢዲ የሚለው የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ገባ። እሸቱን ገና አረንጓዴ ሳለ እያጠቆረ ያረግፈው ጀመር። መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል ባለሙያዎች መድኃኒት የፈለጉት ደን ውስጥ ነው። በሽታው ከመታቸው ዛፎች መካከል ሳይነኩ የቀሩትን እየፈለጉ፣ ዘር እየወሰዱ፣ እየፈተኑ። ዛሬ ገበሬው በቁጥር የሚጠራቸው 74110፣ 74112 እና ሌሎቹ ከዚያ የመጡ ናቸው፤ 74ቱ የተመረጡበትን 1974ን ነው የሚያመለክተው። እነዚያ እናት ዛፎች በዚያን ጊዜ ተቆርጠው ቢሆን ኖሮ የሚመረጥ ነገር አይኖርም ነበር። ብራዚል ሄዶ መፈለግም አይቻልም፣ ያ ስብጥር እዚያ የለምና።

ስለዚህ ደን ቡና ያላችሁ ወይም ዘመዶቻችሁ ጌራና ሸቤ በኩል ደን ቡና የሚለቅሙ ከሆነ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አሮጌ ቡና ሲሞት ክፍተቱን ከችግኝ ጣቢያ በመጣ የተመረጠ ዘር መሙላት የተለመደ ሆኗል፣ ምርቱም ቶሎ ይደርሳል፣ ለማሳና ለጓሮ እኔም እመክራለሁ። ደን ውስጥ ግን ሌላ ነው። ቡና በአብዛኛው ራሱን በራሱ ቢያዳቅልም ንብ የተወሰነውን ከዛፍ ዛፍ ያገናኛል፣ የተመረጠው ዘር በዙሪያው ካለው ከዱሩ ጋር ይቀላቀላል፣ በጥቂት ትውልድ ውስጥም የደኑ ቡና የጣቢያውን እየመሰለ ይሄዳል። ምንጠራ ስታደርጉ ከእናት ዛፉ ሥር በራሳቸው የበቀሉትን ቡቃያዎች አትንቀሏቸው። ክፍተት ካለ ከእነሱ አንስታችሁ እዚያው ደን ውስጥ አዛውሯቸው። ሁሉንም ቁጥቋጦ በአንድ ዓመት አትመንጥሩ፣ ጥላ ዛፉንም አታሳሱት። አንዱን ጎን ዘንድሮ፣ ሌላውን ለከርሞ።